በምስማር ላይ የከረመው ክር

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ብሩክታዊት ፉሩሴት አካባቢ ወዳለ አንድ የዓሣ ማጥመጃ ዕቃ መሸጫ ወሰደችኝ። ነገሩን ያመጣው ኦድቫር ነው። ኦድቫር ላምበርትሴተር በሚባለው ሰፈር በምንኖርበት ሕንፃ ከእኛ ሥር ያለው ቤት ውስጥ የሚኖር ጡረተኛ ነው። ዕድሜውን ሁሉ ትራም ሲነዳ ኖሮ ዛሬ ደረጃ ሲወጣ ጉልበቱ ይለግምበታል። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ሐይቅ ዳር ብቻውን መቀመጥ አልሆንለት አለ። የእኔ ኖርስክ፣ የዚህ አገር ቋንቋ፣ ትንሽ ናት፣ ግማሹን በእጃችን ነው የምናወራው። ሐይቅ ዳር ያደግሁ ሰው መሆኔን የነገርሁት ቀን ግን እጁን እንደ ዓሣ ጅራት እያወዛወዘ ኖክለቫን አብረን እንድንሄድ ለመነኝ። ኖክለቫን ከእኛ ሰፈር ብዙ የማይርቅ፣ ጫካ የከበበው ሐይቅ ነው።

በማግስቱ ከበረንዳው ላይ አንድ ዘንግ አምጥቶ በራችን ላይ አቆመው። ዘንጉ ስኔለ የሚሉት ነገር አለው፤ ክሩ የሚጠቀለልበት፣ በእጀታ የሚሽከረከር። ልጄ እንደተረጎመችልኝ "ክሩን ለሱቁ ሰው አሳዩትና ይምረጥላችሁ" ነው ያለው።

ሱቁ ውስጥ ስንገባ አንድ ሽታ ተቀበለኝ። በግድግዳው በኩል እስከ ጭን የሚደርሱ የጎማ ቦቲዎች ተሰቅለዋል። አዲስ ጎማ፣ ሙቀት የነካው ጎማ። እግሬ ቆመ።

"አባዬ፣ ምን ሆንክ?" አለች ልጄ።

"ምንም። ልያዝሽ ብዬ ነው።"

ሻጩ ጢሙን ያሳደገ ጎልማሳ ነው፣ ትዕግሥት አለው። የምንይዘው አቦር የሚባለውን ዓሣ እንደሆነ ጠየቀ፤ ከዳር ነው ወይስ ከጀልባ፣ ውሃው ጥልቅ ነው ወይስ ድንጋያማ። ከዚያ ክሮቹን ጠረጴዛው ላይ ደረደረልን። አንዱ ተራ ናይለን ነው፣ ይለጠጣል። አንዱ የተጎነጎነ ነው፣ ቀጭን ሆኖ በጣም ይጠነክራል። አንዱ ደግሞ ውሃ ውስጥ አይታይም አለ። እኔ ሁሉንም በጣቴ ዳበስሁ።

"አባትሽ ድሮ በምን ክር ነበር የሚያጠምዱት?" ብሎ ጠየቃት።

"የመኪና ጎማ በዪው" አልሁ።

"አባዬ፣ አትቀልድ። ሰውዬው ሥራ ላይ ነው።"

"ምን እቀልዳለሁ፤ ንገሪው።"

ነገረችው። ሳቀ። እኔ እንዳልሳቅሁ ሲያይ ክርኑን ጠረጴዛው ላይ አስደግፎ እንድቀጥል ጠበቀኝ። ትንሽ ነገርሁት። ለሱቅ የሚሆነውን ያህል ነው የነገርሁት። የቀረውን እዚህ ጽፌዋለሁ።

*

ያኔ አዋሳ እንዲህ አልሆነችም። ከዓሣ ማውጫው በላይ ያለው መንገድ ክረምት ክረምት ጭቃ ነው፣ ሐይቁ ዳር ደግሞ ሸምበቆ ብቻ። ዓሣ በሚጸዳበት ቦታ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች መላጣ ራሳቸውን ትከሻቸው ውስጥ ቀብረው እንደ ሽማግሌ ተሰልፈው ይቆማሉ። እናቴ ከዚያ ጥቂት ራቅ ብሎ ባለች የቆርቆሮ ክፍል ለዓሣ አጥማጆች ሻይና ንፍሮ ትሸጥ ነበር። አስካለ ትባላለች። አባቴ የጭነት መኪና ረዳት ነበር ይሉኛል፤ አንድ ቀን ከመኪናው ጋር ሄዶ በዚያው ቀረ። መልኩን አላውቀውም።

እናቴ "አባባ" የምትላቸው አንድ ሰው ነበሩ፣ አባባ ዳንሳ። ከወላይታ የመጡ፣ ሚስትም ልጅም የሌላቸው ሽማግሌ ናቸው። አንዳች ዝምድና የለንም። እሷ ልብሳቸውን ታጥባለች፣ እሳቸው ከጀልባ ሲወርዱ ለእሷ ዓሣ ይለያሉ። እሷ አባባ ስላለቻቸው እኔም አባባ አልሁ።

የዚያን ዓመት ክረምት ሲገባ እናቴ ሆዷን ይዛ መቀመጥ አበዛች። ሻይ ስትቀዳ ታቆምና አንድ እጇን ጠረጴዛው ላይ ትጥላለች። አንድ ጠዋት ዓሣ የሚጭን መኪና መጣና ጋቢና ውስጥ ሾፌሩ አጠገብ አስቀመጧት። ይርጋለም፣ ሐኪም ቤት ነው የምትሄደው አሉኝ። እኔ ቀናሁ። ጋቢና ተቀምጬ አላውቅም ነበርና። በመስኮቱ እጇን አውጥታ ጉንጬን ያዘችኝ፤ እጇ ሳሙናና ላምባ ይሸታል።

"አባባን እንዳታስቸግር" አለችኝ። "እመጣለሁ።"

"እኔም ሌላ ጊዜ ጋቢና እቀመጣለሁ?"

"ትቀመጣለህ።"

መኪናው ሲሄድ ለእሷ ሳይሆን ለሾፌሩ ነው እጄን ያውለበለብሁት።

አባባ ዳንሳ ቤት ገባሁ። ቤት ከተባለ፤ የሸምበቆ ግድግዳ፣ የሣር ክዳን፣ አንድ መደብ። ከገባሁ ጀምሮ ጥያቄዬ አንድ ነበር።

"አባባ፣ እማዬ ጋ መቼ ነው የምንሄደው?"

እሳቸው መረብ እየጠገኑ ቀና ሳይሉ፣ "የታመመ ሰው በባዶ እጅ ይጠየቃል እንዴ?" አሉኝ።

"እርስዎ ከያዙት ዓሣ እንውሰድላት።"

"እኔ የያዝሁት የእኔ ጥየቃ ነው። አንተስ ምን ይዘህ ነው የምትገባው? ሰው በር ላይ ቆሞ 'ይህ ጎረምሳ ለእናቱ ምን ይዞ መጣ' ሲል ምን ልትል ነው?"

ይህ ነገር በጣም አሳፈረኝ። ጎረምሳ ማለታቸው ደግሞ ደስ አለኝ።

አንድ ሸምበቆ አነሡና ክንዴን ከክርኔ እስከ ጣቴ ጫፍ ለኩ። በዚያ ልክ ቆረጡት። "ይህን የሚያህል ቆሮሶ ዓሣ ራስህ ያዝ። ጠብሰን፣ በኮባ ቅጠል ጠቅልለን፣ በመኪና እንሄዳለን። ቶሎ በል ታዲያ፤ ክንድህ ካደገ ሸምበቆውም ይረዝማል።"

ቆሮሶ ሐይቁ ውስጥ ሞልቷል፣ ለሸምበቆዬ የሚመጥነው ግን ከዳር አይገኝም ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ እጄን እንዳያድግብኝ እያየሁ እተኛ ነበር።

*

ክር መሥራት ያስተማሩኝ ያን ሰሞን ነው። ያለቀ የጭነት መኪና ጎማ ውሃ ውስጥ ይከርማል። ከዚያ በቢላዋ ይሰነጠቅና ከጎማው ሥጋ ውስጥ ያሉት ክሮች አንድ በአንድ በጉጠት ይሳባሉ። ጉጠት ከሌለ በጥርስ ነው። ክሩ ጭን ላይ በመዳፍ ይገመዳል፣ ሰም ይቀባል። እጃችን፣ እንጀራችን፣ የምጠጣበት ጣሳ ሳይቀር ጎማ ጎማ ይሸታል። አባባ ጭንህ ፀጉር ስለሌለው ክሩ አይነክስህም ይሉኝ ነበር። ይነክሳል፤ ግን አልተናገርሁም።

"አሁን ምረጥ" ይሉኛል። ከገመድናቸው መካከል ሁለት ሦስቱን ይዘረጉልኛል።

እኔ ወፍራሙን አነሣለሁ።

"ለምን እሱን?"

"ጠንካራ ነው።"

"ማን ነገረህ? ዓይንህን ተወው። በከንፈርህ እየው።"

ክሩን በሁለት ከንፈራቸው መሀል አስገብተው ቀስ ብለው ከጫፍ እስከ ጫፍ ይስቡታል። የእጅ ቆዳችን ደንድኗል፣ ከንፈር ግን ያልደነደነ ነው። የሳሳ ቦታ፣ የተላጠ ቦታ፣ ጉጠት የነከሰው ቦታ ሁሉ ከንፈር ላይ ይታወቃል። ከዚያ ደጃፉ ላይ ካለው ዛፍ ሥር ያሥሩትና ሙሉ ሰውነታቸውን ወደ ኋላ ይጥላሉ። ቋጠሮ ከመጥበቁ በፊት በምራቅ ይረጥባል። ያልተፈተነ ክር ይዞ ውሃ ዳር የሚወርድ ሰው፣ አባባ ዳንሳ እንደሚሉት፣ ዓሣ ለመመገብ የሄደ ነው።

አንድ ክር ብቻ አይነካም ነበር። ከበሩ ውጭ፣ ፀሐይ በሚወጣበት በኩል፣ ምሰሶው ላይ በምስማር የተሰቀለ የናይለን ጥቅል። ከብዙ ጊዜ በፊት አንድ ፈረንጅ የሚሽከረከር ነገር ያለበት ዘንግ ይዞ መጥቶ፣ በአባባ ጀልባ ሲያጠምድ ውሎ የሰጣቸው ነው አሉ። ጠዋት ጠዋት ፀሐይዋ ስታርፍበት ያበራል። እንደዚያ የሚያምር ነገር ያን ጊዜ አላየሁም ነበር።

"እሱንስ ለምን አንይዝበትም?"

"እሱን ተወው። ለዓሣ አይሆንም።"

ለዓሣ አይሆንም ያሉት ለዓሣ ስለሚበዛ መሰለኝ። የክብር ልብስ በሥራ ቀን እንደማይለበስ። ከዚያ በኋላ ባለፍሁ ቁጥር በጣቴ ነካ አደርገውና እጄን ወደ ኪሴ እመልሳለሁ።

ሌላም ነገር ተማርሁ። አጥማጆቹ ውሃ ሊገቡ ሲሉ የዓሣን ስም አይጠሩም። "ሰውየው ዛሬ ወጥቷል?" ነው የሚባባሉት። የቀናው ሰው ሲያልፍ ደግሞ ዝም ይላሉ፤ ቀኑን እንዳያበላሹበት። ይህን ልብ በሉልኝ፣ ኋላ ስቼበታለሁና።

*

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ባረፈበት ሰዓት ጃኬቱ በጭቃ የተለቀለቀ ሰው መጣ። አባባ ጀልባቸው ውስጥ የገባውን ውሃ በጣሳ እየጨለፉ ነበር። ሰውየው ጎንበስ ብሎ በጆሯቸው ተናገረ። አባባ እዚያው ቁጭ አሉ። ጀልባው ውስጥ ከቀረው ውሃ ላይ። ሱሪያቸው እስከ ወገባቸው ሲርስ አላወቁትም፤ ጣሳው ከእጃቸው ወጥቶ ሲንሳፈፍም አላዩትም። እኔ ሰውየው ስለ ጀልባው ግብር ሊጠይቅ የመጣ መሰለኝ። ግብር ሰውን እንደሚያስቀምጥ ሰምቼ ነበር።

"አባባ፣ ጀልባዎን ሊወስዱት ነው?" አልኋቸው።

"ማንም አይወስደውም" አሉ። "ና፣ እጄን ያዝና አስነሣኝ።"

ከዚያ ቀን በኋላ ዓለም ሁሉ ቸር ሆነችልኝ። እትዬ ብርቄ የምትባል ዳቦ ሻጭ አለች፣ የእናቴ ጓደኛ። ከዚህ ቀደም ከመሶቧ አጠገብ ካየችኝ እንጨት ይዛ ነበር የምታባርረኝ። አሁን ስትጠራኝ ልሸሽ አልሁ።

"ና እንጂ፣ ምን ይገትርሃል? እንካ።"

ትኩስ ዳቦ ሰጠችኝ። ጥቁር ሻሽ አሥራለች።

"እትዬ ብርቄ፣ ምን ሆነሽ ነው ያሠርሽው?"

"ራሴን ብርድ መትቶኝ ነው። ብላ።"

"ገንዘብ የለኝም።"

"ማን ጠየቀህ?"

አጥማጆቹም ተለወጡ። "ዓሣው አንተን እንዳይዝህ ድንጋይ ጨብጥ" እያሉ ሲያሾፉብኝ የኖሩ ሰዎች፣ ዘንጌን ይዤ ሳልፍ ዝም አሉ። አንዳንዱ ራሴን ይዳብሰኛል። የቀናው ሰው ሲያልፍ ዝም እንደሚባል ተምሬያለሁ አላልኋችሁም? ሙሉ ዓሣ አጥማጅ የሆንሁ መሰለኝ። ደረቴን ነፍቼ በመካከላቸው እሄድ ነበር።

ልክ ነበርሁም፣ እጄ እየተፍታታ ነበር። ከሸምበቆው መሀል የምትገባ አንዲት ጉብታ ነበረች፤ ከዚያ ሆኜ ትሌን ሰክቼ ስጥል ትልልቆቹ ይመጡልኛል። አንድ ቀን ከባድ ነገር ያዘኝ። ራሴ የገመድሁት የጎማ ክር እንደ ክራር ጅማት ተወጥሮ አንድም ነገር አልሆነም። ዓሣው እስከ ዳር መጣ፤ ጎኑን አየሁት፣ ሰፊ ጎኑን። መንጠቆው በደንብ ስላልገባ ከአፉ ሸርተት ብሎ ወጣ። ሸምበቆዬን ውሃው ላይ አድርጌ በዓይኔ ለካሁት። ልኩ ነበር።

እየሮጥሁ ሄጄ ለሁሉም አወራሁ። "አየሁት! ነገ እይዘዋለሁ! ነገ እማዬ ጋ እንሄዳለን!" እትዬ ብርቄ ፊቷን በሻሿ ሸፍና ወደ ውስጥ ገባች። ጭስ ነው አለች። እሳት አልነበረም፤ ግን ለእኔ በዚያን ሰዓት ስለ እሳት ማሰብ አልሆነልኝም።

አባባ ደስ ይላቸዋል ብዬ ነበር የጠበቅሁት። ፊታቸው አመድ መሰለ። "ክሩ ያዘልህ?" አሉኝ።

"ምንም አልሆነም። ዝሆን ቢሆን ይይዛል!"

"ጥሩ ክር ነው የሠራኸው" አሉ። ሌላ አልጨመሩም።

ማታ እራት ሳንበላ እትዬ ብርቄ መጣች። እኔ መደቡ ላይ ሸምበቆዬን ይዤ ተኝቻለሁ፣ እንቅልፍ ግን አልወሰደኝም።

"ልጁ ነገ ቢይዘው ምን ሊሉት ነው?" አለቻቸው በሹክሹክታ።

"ወንድሟ ይድረስ።"

"ወንዙ ሞልቶ መኪና ቆሟል ይላሉ። ካልደረሰስ?"

"የገዛ አጎቱ እያለ እኔ ባዳው ልንገረው? በምን አፌ? ተይ፣ እኔ አለሁ።"

እኔ የተረዳሁት እንዲህ ነበር፤ የእትዬ ብርቄ ዘመድ የሆነች አንዲት ሴት ወንድም አላት፣ መኪናው እሱ ዘንድ ነው፣ መኪናው ካልመጣ ወደ ይርጋለም መሄጃ የለንም። ተጨነቅሁ። ዓሣው ይበላሽብኛል ብዬ ተጨነቅሁ።

*

በነጋው ስነሣ አባባ ከበሩ ላይ ተቀምጠዋል። ጀልባዎቹ ወጥተዋል፣ እሳቸው አልሄዱም። ጭናቸው ላይ ያ የሚያበራው ናይለን አለ። ከምስማሩ አውርደውታል።

"ዛሬ በዚህ ያዝ" አሉኝ።

ምን ልበላችሁ። ንጉሥ ዙፋኑን ቢያቀብለኝ እንደዚያ አልሆንም።

"የእኔስ ክር?"

"ለጀልባው ማሠሪያ ተፈልጓል። እኔ ዘንድ ይቀመጥ።"

መንጠቆውን ራሳቸው አሠሩልኝ። እኔ እንዳስተማሩኝ ክሩን ከንፈሬ መሀል አስገብቼ ሳብሁት። ሸካራ ነው። ከንፈሬ ላይ ነጭ ነገር ቀረ።

"አባባ፣ ዱቄት አለው።"

"የአዲስ ክር ዱቄት ነው።"

ከዛፉ ሥር ላሥረውና ወደ ኋላ ልንጠለጠልበት ስሄድ እጄን ያዙ። "ይህን አትፈትነው" አሉኝ። "ናይለን ሲፈትኑት ይቀየማል።"

ክር እንደሚቀየም ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ግን የፈረንጅ ክር ስለሆነ ጠባዩ ሌላ ይሆናል ብዬ አመንሁ።

ከጉብታዋ ላይ ተቀመጥሁ። አባባ ከኋላዬ ተቀመጡ። ሐይቁ ጸጥ ብሏል፣ ከማዶ ጉም አለ። ውሃው ላይ ያረፈው ክር ያበራል። ቀኑ ረፈደ፣ ብዙም ሳይቆይ ክሩ ላይ የሚንሳፈፈው ቡሽ አንዴ ጥልቅ፣ ሁለቴ ጥልቅ አለና ጠፋ።

ሳብሁ። ክብደቱን በክንዴ ሙሉ ሰማሁት። መንጠቆው በደንብ ገብቷል። ዓሣው ወደ ጥልቁ ዞረ፣ ዘንጌ ጎበጠ፣ "አባባ! አባባ!" አልሁ። ከዚያ ዘንጌ ቀጥ አለ። ሲበጠስ ድምፅ እንኳ አላሰማም። ክሩ ቀላል ሆኖ በአየር ላይ ተንሳፍፎ መጥቶ ፊቴ ላይ ተኛ።

ከኋላዬ፣ ትንፋሻቸው እንደ ሸክም ወርዶ፣ አባባ ዳንሳ "ተመስገን" ሲሉ ሰማኋቸው።

ውሃ ውስጥ ስላልወደቅሁ ነው ያመሰገኑት ብዬ አሰብሁ።

አለቀስሁ። ጉብታዋ ላይ ተንበርክኬ አለቀስሁ። አባባ በሁለት እጃቸው ከሐይቁ ውሃ ዘግነው ፊቴን አጠቡኝ። እጃቸው ጎማ ይሸታል። "ነገ ደግሞ አለ" አሉኝ። "ነገ አይጠፋም።" ማታ ዓሣ ጠብሰው ከጭንቅላቱ ላይ ያለውን ለስላሳውን ሥጋ እየለቀሙ ሰጡኝ፣ እሳቸው አልበሉም። ነገ ከጉብታዋ በስተግራ ብጥል እንደሚሻል አወራኋቸው። ለእማዬ ጅራቱን ሳይሆን መሀሉን እንደምሰጣት አወራኋቸው። እሺ፣ እሺ ይሉኛል። ሸምበቆዬን አቅፌ ተኛሁ።

ጎሕ ሲቀድ ቤቱ በሰው ተሞልቷል። ነጠላቸውን የዘቀዘቁ ሰዎች ግድግዳውን ይዘው ቆመዋል። የእናቴ ወንድም ጋሼ በቀለ ከአሰላ መጥቷል፤ ጫማው ከነጭቃው ነው፣ ካልሲው ውሃ ይተፋል። ሌሊቱን ሲጓዝ እንዳደረ ያስታውቃል። በዓመት አንዴ የማየው ሰው ስለሆነ ሐፍረት ያዘኝ። ይህ ሁሉ ሰው የተሰበሰበው እይዘዋለሁ ያልሁትን ለማየት መሰለኝ።

"ጋሼ፣ ዓሣውን አልያዝሁትም" አልሁት። "ክሩ ተበጠሰብኝ። ዛሬ እይዘዋለሁ።"

ጋሼ በቀለ ግንባሩን ምሰሶው ላይ አድርጎ መጮህ ጀመረ፣ ሴቶቹም ተከተሉት፣ ነገሩን የነገረኝም ያ ጩኸት ነው። በቃል የነገረኝ ሰው መኖሩን አላስታውስም።

እናቴን እዚያው ይርጋለም ቀብረዋታል። የዚያኑ ቀን ጋሼ ወደ አሰላ ሊወስደኝ ተነሣ። አባባ ዳንሳ ጨርቄን ራሳቸው ቋጠሩልኝ። መንገድ ላይ ስፈታው ውስጡ የጎማ ክሬ አለ፣ በሥርዓት ተጠቅልሎ፣ ምንም ሳይነካ። ለጀልባው ይፈለጋል ብለው አልነበር? ስንት ነገር እያለ ይህን ለምን እንደሰጡኝ አልገባኝም። የጋሼ ሚስት ቤቱን አሸተተብኝ ብላ ጣለችው። አባባን ከዚያ በኋላ አላየኋቸውም።

አሰላ አርባዋ ሲወጣ፣ ልጅ ብሆንም ቀኑ እንደፈጠነ ታወቀኝ። መርዶዋ ከመጣ ገና አርባ ቀን አልሞላም። ለጋሼ ሚስት ብነግራት "ልጅ ይህን አይቆጥርም" አለችኝ። እናቴ የሞተችው መርዶው ከመድረሱ አስቀድሞ መሆኑን እንግዲህ ያኔ አወቅሁት። ማወቅ ግን አንድ ነገር ነው። ውስጤ ግን የተቀመጠው ሌላ ነው፤ ያቺ ክር ብትይዝልኝ ኖሮ እደርስባት ነበር የሚል። ይህን ለሰው አይናገሩትም፤ ይስቁብኛል ብዬ ለልጄም ተናግሬው አላውቅም። ግን ዕድሜዬን ሁሉ የከበደ ነገር ተሸክሜ ደረጃ ስወጣ፣ ክንዴ ላይ ያ ክብደት ድንገት ሲቀልል ይሰማኛል።

*

ሻጩ የኦድቫርን ዘንግ ጠረጴዛው ላይ አስተኝቶ ከስኔለው ላይ የክሩን ጫፍ መዘዘ። እኔ ቀድሜ ተቀበልሁት። ልማድ ነው፤ ሳላስበው ከንፈሬ መሀል አስገብቼ ሳብሁት።

"አባዬ! ቆሻሻ ነው እኮ" አለች ብሩክታዊት።

ሸካራ ነበር። ከንፈሬን በጣቴ ስጠርገው ጣቴ ላይ ነጭ ነገር አየሁ።

"ብሩኬ፣ እስቲ ጠይቂልኝ" አልኋት። "አዲስ ክር ዱቄት አለው ወይ በዪው።"

"ምን ዱቄት?"

"ጠይቂው ብቻ።"

ጠየቀችው። "ኔይ" አለ ሰውየው፣ ራሱን እየነቀነቀ። ረጅም ነገር ተናገረ፣ ልጄ እያጠረች ተረጎመችልኝ። "አዲስ ክር ጭራሽ ዱቄት የለውም ይላል። ናይለን ፀሐይ ላይ ብዙ ጊዜ ሲቀመጥ ነው እንዲህ የሚሆነው። በረንዳ ላይ የተቀመጠ ነው አይደል ይላል። ሲያዩት ይደምቃል እንጂ አቅም የለውም፣ ትልቅ ዓሣ ከያዘ ይበጠሳል።"

ሻጩ ይህን ሊያሳየኝ ክሩን በሁለት እጁ ጠምጥሞ ሳብ አደረገው። ድምፅ አላሰማም።

"ሁሉም አጥማጅ ያውቀዋል ወይ በዪው። የድሮ አጥማጅም ቢሆን።"

"ያ፣ ያ" አለ ሰውየው፣ አዎ ማለቱ ነው። ነካ ያደረገው ሁሉ ያውቀዋል አለ። ስለዚህ ሳያውቅ ማንም በዚህ አያጠምድም።

ወንበር ስጡኝ አልሁ። ሰጡኝ። የቦቲዎቹ ሽታ ከግድግዳው ላይ ይመጣል። ልጄ ደሜ የወረደ መስሏት ሼክየም በሚሉት፣ በምትሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ እንደለመደችው፣ አዛውንቶቹን እንደምታደርጋቸው፣ የእጄን ሥር ያዘች። እሷ እየቆጠረች እኔ የአባባ ዳንሳን እጅ አሰብሁ፤ ያንን ክር ከምስማሩ ሲያወርዱ። ክር ማወቅ የሚባል ነገር ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው።

"አባዬ፣ አሞሃል?"

"አላመመኝም። ለኦድቫር የተጎነጎነውን ይስጠን፣ ጠንካራውን። ሰውየው ከዓሣ ጋር ሲታገል ጉልበቱን ይረሳው ይሆናል።"

ሻጩ አዲሱን ክር በስኔለው ላይ እየጠቀለለ አሮጌውን ቅርጫት ውስጥ ሊጥለው ሲል እጄን ዘረጋሁ። ልጄ ገርሟት አየችኝ።

"ምን ያደርግልሃል? አይዝም አለህ እኮ።"

"አዎ" አልኋት። ጠቅልዬ ኮቴ ኪስ ውስጥ ከተትሁት።

በባቡር ተመለስን። በመስኮቱ በኩል የሰው በረንዳ፣ የሰው ልብስ፣ የሰው ብስክሌት ያልፋል። እኔ ያንን ማታ ነበር የማየው። ከጉብታዋ በስተግራ እንደምጥል፣ ለእማዬ መሀሉን እንደምሰጣት ሳወራ፣ እሳቸውም እሺ፣ እሺ ሲሉኝ። ዓሣው ያን ቀን ቢያዝ ኖሮ፣ ዝናቡ የቆረጠውን መንገድና ያልደረሰውን አጎቴን ሳይጠብቁ፣ እዚያው ጉብታዋ ላይ ሊነግሩኝ ነበር። ክሩ ተበጠሰ። እኔም ሸምበቆዬን አቅፌ፣ እናት እንዳለው ልጅ አንድ ሌሊት ተጨምሮልኝ ተኛሁ።